ማን ይውጣ?

ሁለት ሰዎች ለቁማር ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው ፒስቶል የሚባል 32 የወርቅ ገንዘብ አስያዙ፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው 64 ሆነ። ውላቸው አጭር ነው፤ ቀድሞ ሦስት ዙር ያሸነፈ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። የሁለቱም ዕድል እኩል ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ብልሃት በጨዋታው ውስጥ የለም። አንደኛው ሁለት ዙር አሸነፈ፣ ሌላው አንድ። አራተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። የመጣው መልእክተኛ ሁለቱንም ወዲያው የሚያስነሣ ወሬ ይዟል። ጨዋታው ተቋረጠ፤ ዳግመኛም አይቀጥልም። ገንዘቡ ግን እዚያው ተከምሯል።

«እኔ ሁለት አሸንፌአለሁ፣ አንተ አንድ» አለ መሪው። «ከሦስት ይከፈልና ሁለቱ እጅ የእኔ፣ አንዱ እጅ ያንተ ነው።»

«የምን ሁለት እጅ?» አለ ሌላው። «ውላችን ሦስት ነው። ሦስት ያልሞላ አላሸነፈም። አንተ ያስያዝከውን አንሣ፣ እኔም ያስያዝኩትን ላንሣ፤ በቃ።»

ነገሩ ወደ ጠብ ሲያዘነብል የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጆቼ» አሉ። «ሁለታችሁም የምትሟገቱት ባለፈው ነው። አንዳችሁ ያለፈውን ቆጥሮ መካፈል ይፈልጋል፣ ሌላችሁ ያለፈውን ሰርዞ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ይህ በር ባይንኳኳ ኖሮ ከፊታችሁ ምን ነበር?» ወደ መሪው ዞሩ። «አራተኛውን ብታሸንፍ ምን ታገኝ ነበር?»

«64ቱንም፣ አባቴ።»

«ብትሸነፍስ?»

«ሁለት ለሁለት እንሆን ነበር።»

«ሁለት ለሁለት ሆናችሁ ብትለያዩስ?»

«እኩል ነዋ። 32 እሱ፣ 32 እኔ።»

«እንግዲያው ብታሸንፍም ብትሸነፍም 32 ያንተ ነው፤ እሱን አንሣ። የቀረው 32 የማን ነው?»

ሁለቱም ዝም አሉ።

«አራተኛው ዙር የሚወስነው እሱን ብቻ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ዙሩ ደግሞ ለሁለታችሁም እኩል ነው። ስለዚህ እኩል ተካፈሉት። አንተ 32 ላይ 16 ጨምረህ 48 ውሰድ፤ አንተ ደግሞ 16።»

መሪው ራሱ ከጠየቀው በላይ አገኘ፤ በሁለት እጅና በአንድ እጅ ቢካፈሉ ኖሮ 43 እንኳ አይሞላለትም ነበር። ሌላው የጠየቀውን ግማሽ አገኘ። ሆኖም ከሁለቱ አንዳቸውም የሚመልሱት ቃል አጡ፤ መሪው እርምጃዎቹን በገዛ አፉ ተናግሯል፣ ሌላውም ሰምቶ አልተቃወመምና።

ሽማግሌው የምሳሌው ሰው ናቸው። ስሌቱ ግን ባለቤት አለው። 64ቱ፣ 48ቱና 16ቱ እንዳሉ የሚገኙት ብሌዝ ፓስካል ጁላይ 29 ቀን 1654 ከፓሪስ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተቀባዩ በቱሉዝ ከተማ በዳኝነት የሚሠራውና በትርፍ ጊዜው ከዘመኑ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ፒየር ደ ፌርማ ነበር። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ኢጣሊያዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶት፣ ድርሻው እያንዳንዱ ባሸነፈው ዙር ቁጥር ልክ ይሁን ብሎ ነበር፤ ልክ እንደ መሪው ተጫዋች። ለፓስካል ያመጣለት ሼቫሊየ ደ ሜሬ የሚባል ቁማር የሚያውቅ ሰው ነው። ፌርማ በበኩሉ ቀሪዎቹን ሁለት ዙሮች በሐሳቡ ተጫውቶ ጨረሳቸው፤ ሊሆኑ የሚችሉት መንገዶች አራት ናቸው፣ ከአራቱ በሦስቱ መሪው ያሸንፋል፣ ስለዚህ ከአራት ሦስት እጅ ይገባዋል አለ። ያውም 48 ነው። በሁለት መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ በመገናኘታቸው ፓስካል ተደሰተ፤ እውነት በቱሉዝም በፓሪስም አንድ መሆኗን አየ። ዛሬ ፕሮባቢሊቲ የምንለው ትምህርት የተወለደው በዚያ በጋ ነው።

የምሳሌው ሁለተኛ ክፍል የዚህ የፓስካል የራሱ ታሪክ ነው። እሱም በአንድ ጨዋታ መካከል ሳለ በሩ ይንኳኳበታል፤ እሱም ማን ምን ይውሰድ የሚል ጥያቄ ይመጣበታል።

ጁን 19 ቀን 1623 በመካከለኛው ፈረንሳይ በክሌርሞን ተወለደ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ሞተች። የግብር ጉዳይ ዳኛ የነበረው አባቱ ኤቲየን ሁለት ሴቶች ልጆቹንና ብሌዝን ይዞ በ1631 ወደ ፓሪስ ገባ፤ ልጁን ትምህርት ቤት ሳይልክ ራሱ አስተማረው። ሒሳብ አእምሮን እስከ መጨረሻ ይይዛል ብሎ ስለሚያምን፣ ልጁ ላቲንና ግሪክ ሳይጠግብ ጂኦሜትሪ እንዳይነካ ከለከለው፤ መጻሕፍቱንም ደበቀ። ታላቅ እህቱ ዢልቤርት እንደጻፈችው፣ ልጁ በ12 ዓመቱ ወለል ላይ በከሰል እየሣለ፣ መስመሩን «ዘንግ» ክቡን «ድቡልቡል» እያለ በራሱ ስም እየጠራ፣ የአንድ ሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ተደምረው ሁለት ቀጥ ያሉ ማዕዘኖችን እንደሚያህሉ ሊያሳይ ሲሞክር አባቱ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ክልከላው ቀረ። በ16 ዓመቱ ስለ ኮን ቁራጮች ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ አሳተመ።

አባቱ በሩዋን ከተማ የግብር ሥራ ላይ ተሾመ። ሌሊቱን የሚያጋምስ ድምር ነበር። የዘመኑ ገንዘብ በአሥር በአሥር የሚሄድ አልነበረም፤ 12 ደኒየ አንድ ሶል፣ 20 ሶል ደግሞ አንድ ሊቭር ነበር። ልጁ የአባቱን ድካም አይቶ በ19 ዓመቱ የሚደምር ማሽን መሥራት ጀመረ። አንዱ ጥርሳም መዘውር ዙሩን ሲጨርስ ቀጣዩን አንድ ጥርስ ይገፋዋል፤ የደኒየው መዘውር በ12፣ የሶሉ በ20። ከ50 የሚበልጡ ሙከራዎች ሠርቶ በ1645 አወጣው። የሰው አእምሮ ብቻ የሚሠራው ይመስል የነበረውን ሥራ ናስ ሲሠራው ታየ።

ከዚያ ባዜቃ መጣ። ባዜቃ ሞልተው በባዜቃ ሳህን ውስጥ የሚዘቀዝቁት ረጅም የመስታወት ቱቦ ሁሉን አያፈስም፤ የተወሰነ ቁመት ላይ ይቆማል። ያቆመው ምንድን ነው? ፓስካል ያቆመው ከውጭ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው ብሎ አሰበ። እንዲያ ከሆነ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አየሩ ይቀላል፣ ባዜቃውም ይወርዳል። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። እሱ ግን አልበቃውም፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ተራራ መውጣት ነበረበት። እሱ ሕመምተኛ ነው፣ ያለውም በፓሪስ ነው። በክሌርሞን ለሚኖረው ለእህቱ ባል ለፍሎሬን ፔሪየ ጻፈ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ፔሪየ በከተማው ሰዎች ታጅቦ 1,465 ሜትር ከፍታ ያለውን የፑዪ ደ ዶም ተራራ ወጣ። ከታች በገዳሙ አትክልት ቦታ ሌላ ቱቦ ቆመ፤ አባ ሻስታን የተባሉ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት ዋሉ። የታችኛው ቱቦ ንቅንቅ አላለም። ጫፍ ላይ ግን ባዜቃው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ። ፔሪየ አላመነም፤ በጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ በነፋስ፣ በከለላ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ ለካው። ያው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሲታይ ፓስካል ብዙ ዙር ያሸነፈ ሰው ነው። አካሉ ግን ገና ከጅምሩ ይሸነፍ ነበር፤ ከ18 ዓመቱ ወዲህ አንድ ቀን ያለ ሕመም እንዳላለፈለት ይናገር እንደነበር እህቱ ጽፋለች።

እምነት ወደ ቤታቸው የገባው በወጌሻ እጅ ነው። በ1646 ጃንዋሪ አባቱ በረዶ አዳልጦት ወደቀና ዳሌው ወለቀ። ሊያሹት የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ለወራት በቤቱ ሰነበቱ፤ በቅዱስ አውግስጢኖስ ትምህርት ላይ የቆሙትን፣ በኋላ ያንሴኒስት የተባሉትን ሰዎች መጻሕፍትም ይዘው ነበር። መላው ቤተሰብ ልቡ ተነካ። ከሁሉ ይልቅ የነደደችው ታናሽ እህቱ ዣክሊን ናት። አባታቸው በ1651 ሲሞት፣ በሚቀጥለው ጃንዋሪ የፖር ሮያል ገዳም ገባች።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ክፍፍል መጣ። ዣክሊን ከአባቷ ውርስ የሚደርሳትን ለገዳሙ መስጠት ፈለገች። ወንድሟ ተቃወመ። በእሱ ዘንድ ገንዘቡ የቤተሰብ ገንዘብ ነው፤ የእሱም ኑሮ ከዚያ የሚወጣ ነው። ስሌት አልጎደለበትም፣ የእህቱን ልብም ያውቀው ነበር። ሆኖም እጁ ለረጅም ጊዜ አልተፈታም። በመጨረሻ ሰጠ፤ የሰጠው ግን እሷን ካሳዘነ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ለፌርማ ስለ ትክክለኛ ድርሻ ከመጻፉ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ደብዳቤው ከተጻፈ አራት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1654፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ፓስካል አንድ ነገር ደረሰበት። በወረቀት ሲመዘግበው የመጀመሪያው ትልቅ ቃል እሳት ነው። የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን አምላክ ከፈላስፎች አምላክ ለየ። ወረቀቱን ለማንም አላሳየም፤ በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ፣ ልብሱን በቀየረ ቁጥር እየፈታ እየሰፋ ይዞት ኖረ።

ከዚያ በኋላም ብዕሩ አላረፈም። በ1656 እና በ1657 ፖር ሮያልን ደግፎ በብዕር ስም 18 ደብዳቤዎች አወጣ፤ ፈረንሳይ በሳቅም በቁጣም አነበበቻቸው። በ1658 የጥርስ ሕመም እንቅልፍ ሲነሣው ሲክሎይድ ስለሚባለው የጂኦሜትሪ ኩርባ ያስብ ጀመርና ሊቃውንትን ላስጨነቁ ጥያቄዎች መፍትሔ አገኘ። ነገር ግን ሒሳቡ ቀስ በቀስ ሌላ ፊት ያዘ። በማርች 1662 ከወዳጆቹ ጋር በፓሪስ መንገዶች ላይ በተወሰነ መስመር የሚመላለሱ ሠረገሎችን አቆመ፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው አምስት ሶል ነበር። ከተማው የመጀመሪያውን የሕዝብ ማመላለሻ አገኘ። በዚያው ሰሞን የብሏ ከተማ ድሆች በረሃብ ይጨነቁ ነበር። ፓስካል ከድርሻው አንድ ሺሕ ፍራንክ በቅድሚያ ተቀብሎ ለእነሱ ሊልክ አሰበ። ዢልቤርት ሥራው ገና አልጸናም፣ አንድ ዓመት ቆይ አለችው። እሱ ግን ሥራው ከከሰረ ለሸሪኮቹ ከገዛ ንብረቱ እንደሚከፍላቸው፣ የድሆቹ ችግር ግን ዓመት የሚጠብቅ እንዳልሆነ መለሰላት። ገንዘቡን በቅድሚያ ሊሰጡት ከነበሩት ሰዎች ጋር ስላልተስማማ ሐሳቡ አልተሳካም። የስሌቱን አካሄድ ግን ልብ በሉ፤ ኪሳራው በማን ላይ ቢወድቅ ይቻላል፣ በማን ላይ ቢወድቅ አይቻልም?

ወደ ቤቱ እንምጣ። ፓስካል በቤቱ አንድ ድሃ ሰው ከነሚስቱና ከነልጆቹ አስጠግቶ ነበር። ክፍል ሰጥቷቸዋል፣ የሚያነዱት እንጨትም ከእሱ ነው። አያገለግሉትም፣ ኪራይም አይከፍሉም። በ1662 ጁን ማለቂያ ከልጆቻቸው አንዱ ታመመ፤ ፈንጣጣ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ጊዜ ፓስካል ራሱ በሽታ የጣለው ሰው ነው። ምግብ አይቀበልም፣ ጉልበቱ አልቋል፤ ዢልቤርት ናት እየመጣች የምታስታምመው። እሷ ደግሞ ልጆች አሏት። ፈንጣጣ ካለበት ቤት ገብታ ወጥታ ወደ ልጆቿ መመለስ አትችልም። ስለዚህ ከሁለት አንዱ መሆን አለበት፤ ወይ የታመመው ልጅ ከቤቱ ይውጣ፣ ወይ ፓስካል ራሱ ይውጣ።

ማን ይውጣ? እንደ መጀመሪያው ቁማርተኛ ለሚቆጥር ሰው ጥያቄው ጥያቄም አይደለም። ቤቱ የፓስካል ነው፣ እንጨቱ የፓስካል ነው። ስሙን ፈረንሳይ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገና ያልተጠናቀቀ መጽሐፍም በእጁ አለ። ልጁ በምጽዋት የተጠጋ የድሃ ልጅ ነው፤ እስካሁን የተደረገለትም ቢሆን ከሚገባው በላይ ነው የሚሉ አይጠፉም። እንደ ሁለተኛው ቁማርተኛ ለሚቆጥር ደግሞ ሁለቱም ሕመምተኞች ናቸው፣ እኩል ናቸው፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ባለቤቱ ይቀመጥ፣ እንግዳው ይውጣ።

ፓስካል ወደ ፊት ተመለከተ። ይህ ልጅ ትኩሳቱ እንደነደደ ከአልጋው ተነሥቶ በመንገድ ቢወሰድ ምን ይደርስበታል? እኔ ብወሰድስ? አመዛዘነና ቤት መቀየር ለእሱ ከልጁ ያነሰ አደጋ እንዳለው ተናገረ፤ ስለዚህ የሚወጣው እሱ ነው። ክርክሩ አለቀ። ጁን 29 ቀን ሕመምተኛው ሊቅ ከገዛ ቤቱ ተነሥቶ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። የድሃው ልጅ ባለበት አልጋ ላይ ቀረ።

ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሕመሙ በእህቱ ቤት ባሰበት። መቁረብ ፈልጎ ሲለምን፣ ሐኪሞቹ ገና ለሞት አልደረስክም እያሉ አቆዩት። ይህን ከከለከላችሁኝ እንግዲያው አንድ ድሃ በሽተኛ አምጡና ለእኔ የሚደረገው ሁሉ እኩል ይደረግለት አለ። እሱም አልሆነም። ወደ ማይድኑ ሕሙማን ሆስፒታል ውሰዱኝ፣ ከድሆች ጋር ልሙት አለ፤ ሐኪሞቹ መንገዱን አትችለውም አሉት። በመጨረሻ ቁርባኑን ተቀብሎ ኦገስት 19 ቀን 1662 በ39 ዓመቱ ሞተ። ከቤቱ ከወጣ ሁለት ወር አልሞላም። ልብሱን ሲፈትሹ በገበሩ ውስጥ ያን የስምንት ዓመት ወረቀት አገኙ።

የምሳሌው ፍቺ

እውነተኛ ክፍፍል ያለፈውን ቆጥሮ አይጨርስም፤ ከፊት ያለውን ይጠይቃል። ሽማግሌው ለቁማርተኞቹ ያሳዩት ይህንን ነው፤ ፓስካልም በቤቱ ውስጥ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ይህ ብቻውን ብዙ ጠብ ያበርዳል። በውርስ የሚካሰሱ ወንድምና እህት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ማን አባትን አስታመመ፣ ማን ምን ወሰደ የሚለውን ነው፤ ዛሬ ቤቱን ቢያጣ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ምሳሌው ግን እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁለተኛው ክፍል ባላስፈለገ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተነገረ ልጅም ይገባዋል። ሐኪሞቹም፣ ዢልቤርትም፣ ጎረቤቱም ሊያሰሉት ይችሉ ነበር። ስሌት ማን መውጣት እንዳለበት ይናገራል፤ ማንንም ግን ከበር አያወጣም። ፓስካል ይህን ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ስሌት የሚሠራ ናስ በእጁ ሠርቷልና። ማሽኑ ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ወደ ሐሳብ የሚቀርብ ሥራ ይሠራል፣ ነገር ግን እንስሳ እንኳ ያለው ፈቃድ የለውም የሚል ማስታወሻ ትቷል። የእህቱ ውርስ በተነሣ ጊዜ እሱ ራሱ ትክክለኛውን መልስ እያወቀ እጁን ያልፈታ ሰው ነበር። ከዚያ እስከ 1662 ድረስ በሒሳብ ችሎታው ላይ የተጨመረ ነገር ቢኖርም፣ ከአልጋው ያስነሣው እሱ አይደለም።

ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ «ሐሳቦች» በሚል ስም የታተሙት ማስታወሻዎቹ ሦስት ማዕረጎችን ይለያሉ፤ አካል፣ አእምሮና ፍቅር። ሥልጣንና ሀብት የመጀመሪያው ናቸው፤ አርኪሜድስን የሚያስከብረው ሁለተኛው ነው፤ ቅዱሳን ያሉት በሦስተኛው ነው። ከታችኛው ምንም ያህል ቢከመር የላይኛው አይወጣም። ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ትንሽ ሐሳብ አይሠራም፤ ሐሳብ ሁሉ ተሰብስቦም አንድ ትንሽ የፍቅር እርምጃ አያራምድም። ይህ የሰባኪ ማጋነን ይመስላል። ስለ አእምሮ ኃይል ከፓስካል የበለጠ ምስክር ግን በዘመኑ ማን ነበር?

የታወቀውን የእምነት ውርርዱንም በዚሁ ልክ ማንበብ ይገባል። ብዙዎች የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ እግዚአብሔር አለ ብሎ የሚወራረድ ሰው ቢያሸንፍ ሁሉን ያገኛል፣ ቢሸነፍ የሚያጣው ጥቂት ነው። በዚህ ብቻ ሲታይ ፓስካል ገነትን በቁማር የሚሸጥ ነጋዴ ይመስላል። ማስታወሻው ግን ይቀጥላል። የተረታው ሰው ስሌቱ ገብቶኛል፣ ማመን ግን አልቻልኩም ይላል። ፓስካል ሁለተኛ ማስረጃ አይጨምርለትም። የሚያምኑ ሰዎች የሚያደርጉትን ማድረግ ጀምር ይለዋል። የውርርዱ ፈጣሪ ራሱ ስሌቱ የት እንደሚቆም ምልክት አድርጎበታል።

ይህ ማለት ግን ስሌት ይቅር ማለት አይደለም። ደግ ልብ ብቻውን ልጁን ወደ ተሻለ ቦታ እንውሰደው ብሎ በበጎ ፈቃድ በመንገድ ሊገድለው ይችል ነበር። የትኛው አደጋ እንደሚበልጥ መመዘን ያስፈልግ ነበር፤ ሚዛኑን የሠራውም በቁማር ጠረጴዛ ላይ የተማረ አእምሮ ነው። ፓስካል ሁለት ወር ሳይቆይ በመሞቱ ስሌቱ ስሕተት ነበር የሚል ካለም፣ ያ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አልሰማም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በሚታየው ነው እንጂ በኋላ በወጣው ዕጣ አይደለም።

ዛሬ ያ የ1654 ሒሳብ በብዙ ቦታ ይሠራል። የመድን ድርጅት ክፍያውን የሚተምነው በእሱ ነው። የፓስካልን መዘውር የተኩት ኮምፒውተሮች ደግሞ ሺሕ ቁማርተኛ በአንድ ቅጽበት ያካፍላሉ። የመቁጠር ችግር እየቀለለ ሲሄድ ያልቀለለው ችግር ፈጦ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ማን መውጣት እንዳለበት እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ክርክር ሲመጣ በመጀመሪያ በትክክል ማስላት፣ ቀጥሎ ደግሞ ስሌቱ ወደ እኛ ቢያመለክት እንነሣ እንደሆነ አስቀድሞ ራስን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ የመጀመሪያው መልስ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ማንንም አይጠቅምም።